የሴንት አንድሩስ የጎልፍ ገንዘብ የት ይገባል?

አቅራቢ 1፦ የስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ የጎልፍ መዲና ትባላለች። ሜዳው ግን አንድ ጊዜ ከከተማዋ እጅ ወጥቶ ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት በዕዳ ተዘፍቆ በ1797 እ.ኤ.አ. መሬቱን ሸጠው።

አቅራቢ 2፦ መሬቱ የገባውም ጥንቸል አርቢዎች እጅ ነው! ጥንቸሎቹ ሜዳውን ሲቆፋፍሩት ተጫዋቾቹ ዝም አላሉም፤ ጠቡ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1821 ጄምስ ቺፕ የተባለ ባለርስት ገዝቶ ለጎልፍ ባያተርፈው ኖሮ፣ ሜዳው ጠፍቶ በቀረ ነበር።

አቅራቢ 1፦ ከተማዋስ መቼ አስመለሰችው?

አቅራቢ 2፦ በ1894፣ በፓርላማ ሕግ። ክፍያው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል፦ እስከ 1913 ማንም በነጻ ይጫወት ነበር። ከዚያ እንግዳው መክፈል ጀመረ፤ ነዋሪው ግን እስከ 1946 አልከፈለም።

አቅራቢ 1፦ ዛሬ ማን ያስተዳድረዋል?

አቅራቢ 2፦ በ1974 በሕግ የተቋቋመ ትረስት። ሰባት ሜዳዎች አሉት፤ ትርፍ የሚከፋፈል ባለአክሲዮን ግን የለውም። እንግዳው በታዋቂው ኦልድ ኮርስ ለአንድ ዙር ውድ ይከፍላል፤ ነዋሪው በአነስተኛ ዓመታዊ ክፍያ ይጫወታል። የተረፈው ገንዘብ ተመልሶ ለሜዳዎቹ እንክብካቤ ይውላል።

አቅራቢ 1፦ ገቢው በእንግዳ ላይ መንጠልጠሉ አያሰጋም?

አቅራቢ 2፦ ያሰጋል እንጂ! በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን ሲያስቀር ታይቷል። የክፍያው ድልድል ግን ፍትሐዊ ነው፤ መሬቱ የጋራ ነውና። ኦልድ ኮርስ ከትልልቅ ውድድሮች በቀር እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው በእግሩ ይንሸራሸርበታል። ለትርፍ የቆመ ድርጅት ቢሆን ይህን ገቢ አይተወውም ነበር።