በእሳት የሚጸዳ ኦቨን፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ እድፍና ስለ እርጅና



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ ከወጥ ቤት የተወሰደ ነው። ራሱን በራሱ እንዲያጸዳ ተደርጎ የተሠራ የኤሌክትሪክ ኦቨን ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በዚህ የጽዳት ተግባር ልንጠቀምበት ይገባልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ኬሚስትሪን፣ የቁሳቁስ ምሕንድስናንና የሰውን ጤና በአንድ ላይ የሚያነሣ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ምክንያቱን ላስረዳ። በኦቨኑ ውስጥ ከፍተኛውን ሙቀት የሚችለው ክፍልና እርጅና የሚያጠቃው ክፍል አንድ አይደሉም። ውሳኔያችንም መመሥረት ያለበት በጠንካራው ሳይሆን በደካማው ክፍል ላይ ነው።

ማጽዳት ወይስ ማቃጠል?

በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። “ራስን ማጽዳት” ሲባል ውሃና ሳሙና ያለበት ሥራ ይመስላል። የሚሆነው ግን ማቃጠል ነው። ኦቨኑ በሩን ይቆልፋል፤ የውስጡን ሙቀት ወደ 480 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያደርሳል፤ እንደ ሞዴሉም ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል በከፍተኛ ሙቀት ያቆየዋል። ዳቦ የምንጋግረው ከ180 እስከ 230 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሆኑን ስናስታውስ የልዩነቱ ስፋት ይገባናል። ይህን ዓይነቱን ኦቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1963 ነበር።

ለመሆኑ የሚቃጠለው ምንድን ነው? ይህን ለመረዳት ከእንጀራ ምጣድ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የተፈጨ የጎመን ዘር በጋለው ምጣድ ላይ ይታሻል። የዘሩ ዘይት በሙቀትና በኦክስጅን ኃይል ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ጠንካራና ለስላሳ ሽፋን ይሆናሉ። እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው በዚህ ሽፋን ምክንያት ነው። በኦቨን ግድግዳ ላይ የተፈናጠረ ቅባትም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ምጣዱ ላይ ስንፈልገው “ሟሸ” እንለዋለን፤ ኦቨኑ ላይ ሳንፈልገው “ቆሸሸ” እንለዋለን። የኬሚስትሪው ሂደት ግን አንድ ነው። በሳሙና አልለቅ የሚለውም ስለዚህ ነው፤ ሳሙና የሚያነሣው ገና ቅባት የሆነውን ቅባት እንጂ ወደ ሌላ ነገር የተለወጠውን አይደለም።

ሙቀቱ ወደ 480 ዲግሪ ሲቃረብ እነዚያ የተሳሰሩ ሞለኪውሎች ይበጣጠሳሉ። ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ የቀረው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይቃጠላል፤ በመጨረሻ ወለሉ ላይ የሚገኘው በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ጥቂት አመድ ነው። “እሳት አመድ ወለደ” የምንለው ለነቀፋ ነው፤ እዚህ ግን የተፈለገው ልጅ አመዱ ራሱ ነው።

የሚችለውና የማይችለው

ግድግዳው ይህን ሙቀት እንዴት ቻለው? የኦቨኑ የውስጥ ግድግዳ በኢናሜል የተለበጠ ብረት ነው። ኢናሜል በ800 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ከብረቱ ጋር የተጣመረ የብርጭቆ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ 480 ዲግሪ ለእርሱ ከተወለደበት እሳት ያነሰ ነው። ኢናሜሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ በኦቨኑ እርጅና ብዙም አይደክምም። ችግሩ ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነው።

ከግድግዳው ጀርባና ከላዩ በኩል የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ የበሩ መቆለፊያ ሞተር፣ የማቀዝቀዣ ፋን፣ የሙቀት ፊውዝና የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይገኛሉ። እነዚህ 480 ዲግሪን አይችሉም፤ እንዲችሉም አልተሠሩም። የሚኖሩት የሙቀት መከላከያው ጥጥ ስለሚጋርዳቸው፣ የበሩ ማሸጊያ ሙቀቱን ስለሚይዝና ፋኑ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያሳልፍላቸው ነው። ኦቨኑ አዲስ ሳለ ይህ ጥበቃ የተሟላ ነው። በዓመታት ውስጥ ግን ማሸጊያው ይሳሳል፤ የበሩ ማጠፊያ ይላላና በሩ በአንድ ወገን ክፍተት ይፈጥራል፤ ፋኑ አቧራና ቅባት ይጠጣል። ገመድ የሚበጠሰው በሳሳበት በኩል ነው።

ሁለት ስሌቶችን ላቅርብ። የመጀመሪያው ስለ መለጠጥ ነው። የብረት የመለጠጥ መጠን በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 12 ገደማ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ሉህ ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ በ1.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ወደ 480 ሲሞቅ ግን በ3.3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ብሎኖች፣ የብየዳ ነጥቦችና የሽቦ ማያያዣዎች ይህን ጉተታ ደጋግመው ይቀበላሉ። ቀድሞ የተፈነቀለ ወይም የተሰነጠቀ ኢናሜል ካለም ጉዳቱ የሚሰፋው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ስለ ዕድሜ ነው። ስቫንት አርሄኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 ባቀረበው ቀመር መሠረት የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ከሙቀት ጋር እየተባዛ ይጨምራል። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ከዚሁ በመነሣት የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽቦ ልባስ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። ፋኑ ስለደከመ በሽቦዎቹ አካባቢ ያለው ሙቀት ከተለመደው በ30 ዲግሪ ከፍ አለ ብንል፣ ልባሱ በዚያ ሁኔታ የሚኖረው ዕድሜ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በአንድ የጽዳት ሌሊት የሚያልፈው ጊዜ በሰዓት ሲቆጠር አጭር ነው፤ በእርጅና ሲቆጠር ግን ረጅም ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ የሚጨምረው ነገር አለ። በጽዳቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ፋኑ ይቆማል፤ በግድግዳው ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን አይጠፋም። ቀስ እያለ ወደ ቦርዱና ወደ ሽቦዎቹ ይዘልቃል። በሩም በሞተር የሚቆለፍ ከሆነ መብራቱ እስኪመለስ ተቆልፎ ይቆያል። በሩን በኃይል ለመክፈት መታገል አይገባም።

ፊውዙ ሲቃጠል

ኦቨኑ ከጽዳት በኋላ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ዋጋው አነስተኛ የሆነው የሙቀት ፊውዝ ነው። ሥራውም መቃጠል ነው፤ በማይገባው ቦታ ላይ ከሚገባው በላይ ሙቀት ሲደርስ መሥመሩን ይቆርጣል። አንዲት ዘመዴ ለፋሲካ ዋዜማ ኦቨኗን በዚህ ተግባር አጽድታ፣ በማግሥቱ ድፎ ዳቦ ልትጋግር ስትል አልሠራም አላት። የተጠራው ጠጋኝ ፊውዙን አውጥቶ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኛቸው። ኦቨኑ ሠራ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ። እኔ ይህን እንደሰማሁ ኦቨኑ ከብሬከሩ እንዲጠፋና ትክክለኛው ፊውዝ እስኪገኝ እንዳይነካ አጥብቄ ለመንኩ። ፊውዙ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። ምልክቱን ዝም ማሰኘት ቀጣዩን ሙቀት ወደ ሽቦው፣ ከዚያም ወደ ቁም ሳጥኑ መጋበዝ ነው። ከእናንተ መካከል ነገ በጥገና ሙያ የምትሰማሩ ትኖራላችሁ፤ ከዛሬው ገለጻ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን እንድትይዙ እወዳለሁ።

የምንተነፍሰው አየር

እድፉ የሚወጣው ጋዝ ሆኖ ነው ብያለሁ። ታዲያ ወዴት ይሄዳል? በኦቨኑ ቀዳዳ አልፎ ወደ ወጥ ቤቱ ነው። ቅባት ሲበጣጠስ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል አክሮሊን የተባለ ጋዝ ይወጣል። ቃጠሎው በቂ ኦክስጅን ካላገኘ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህን ጋዝ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አጭሰው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው እርሱ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን በ200 እጥፍ ይበልጣል። በእርግጥ ከኦቨን የሚወጣው መጠን ከከሰል ማንደጃ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን የእድፉ ብዛት፣ የክፍሉ ጥበትና የመስኮቱ መዘጋት መጠኑን ይወስናሉ። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር በዚያ ሰዓት በወጥ ቤቱ አካባቢ ሊገኙ አይገባም። የቴፍሎን መጥበሻ ኦቨኑ ውስጥ ተረስቶ ከቀረም ልባሱ በዚህ ሙቀት ፈርሶ መርዛማ ጭስ ይሰጣል፤ ይህ ጭስ በሰው ላይ ጉንፋን መሰል ሕመም ያስከትላል፤ በቤት ውስጥ የሚረቡ ወፎችን ይገድላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አስቀድመን ያለን ኦቨን የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንለይ። በሩ በራሱ የሚቆለፍ ከሆነ እስካሁን የገለጽሁት ነው። ግድግዳው ሻካራና ደብዛዛ ከሆነ በተለመደው የመጋገሪያ ሙቀት ቅባትን ቀስ በቀስ የሚያቃጥል ካታሊቲክ ልባስ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ በሳሙናም በካስቲክ ሶዳም መታሸት የለበትም፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ሦስተኛው በእንፋሎት እድፉን የሚያለሰልስ ነው፤ ሙቀቱም ዝቅተኛ ነው። የጽዳት ተግባር የሌለውን ኦቨን በመጨረሻው ሙቀት ለሰዓታት ትቶ እድፉን ለማቃጠል መሞከር ግን አደጋ ነው፤ በሩ አይቆለፍም፤ ቅባቱም ሊነድ ይችላል።

ለአሮጌ ኦቨን የምመክረው ይህን ነው። በሩ እኩል የማይገጥም፣ ማሸጊያው የተቀደደ፣ ፋኑ የማይሰማ ወይም ኢናሜሉ የተፈነቀለ ከሆነ የጽዳቱን ቁልፍ አትንኩ። ሁሉም ደህና ከሆነና መጠቀም ካስፈለገ፣ የረጋውን ቅባት አስቀድማችሁ በእጅ ጥረጉ፤ የሚቃጠለው ባነሰ ቁጥር ጭሱም ያንሳል። የሽቦ መደርደሪያዎቹንና ዕቃዎቹን ሁሉ አውጡ። ሞዴሉ የሚፈቅድ ከሆነ አጭሩን ሰዓት ምረጡ። መስኮት ክፈቱ፤ ከቤትም አትውጡ። በበዓል ዋዜማ ፈጽሞ አታድርጉት።

ከዚህ የተሻለው ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ቀቡት፤ ማሞቂያውንና የበሩን ማሸጊያ አታስነኩት፤ አድሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ክንድ ያደክማል፤ አንድ ጊዜ ላይበቃም ይችላል። ነገር ግን ሽቦ አያስረጅም፤ ፊውዝም አያቃጥልም።

አበው “ቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይላሉ። ግድግዳው እንዲያበራ ስንል ኦቨኑን ማጣት፣ ከዚያም አልፎ የቤተሰብን ጤና ለአደጋ ማጋለጥ ይህንኑ ይመስላል። አንድ መሣሪያ የተሠራበት አቅም በመመሪያው ላይ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ዛሬ ያለው አቅም ግን በመመሪያው ላይ አይገኝም። እርሱን የምናገኘው በሩን ከፍተን፣ ማሸጊያውን ዳስሰን፣ ፋኑን አዳምጠን ነው። ምሕንድስና ከዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።