የቆየች የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በግቢያችን
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ምክንያት በተዘጋጀው የቤተሰብ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ከሙያዬ አንድ ነገር እንዳካፍላችሁ ሲጋብዘኝ የመረጥኩት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ርእሱ የቆዩ የእንግሊዝ ስፖርት መኪናዎችን በቤት ውስጥ መጠገንና መንከባከብ ነው። እዚህ ናይሮቢ ግን ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከመካከላችን እንዲህ ያለች መኪና ከጎረቤት በርካሽ ገዝተው፣ በሸራ ሸፍነው፣ «አንድ ቀን አስነሣታለሁ» እያሉ የሚኖሩ አሉ። የዛሬው ንግግሬ ለእነርሱና ለልጆቻቸው ነው። ልል የፈለግሁትም በአጭሩ ይህ ነው። እነዚህ መኪናዎች በቤት ሊጠገኑ ይችላሉ፤ ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው። መኪናዋን ለማስነሣት ከመቸኮላችን በፊት መቆም መቻሏን እናረጋግጥ።

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኬንያ እስከ 1963 ድረስ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስለነበረች መሪያቸው በቀኝ የሆነ የእንግሊዝ መኪናዎች በብዛት ገብተውባታል። በ1953 የንግሥት ኤልሣቤጥን ንግሥ ምክንያት በማድረግ የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ስማቸውን ያገነነላቸው እነ ፔጆና ዳትሰን ናቸው። ትናንሾቹ ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ መኪናዎች፣ ማለትም ኤም ጂ፣ ትራያምፍ እና ኦስቲን ሂሊ፣ ይበልጡን የእሑድ መዝናኛ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብዙዎቹ መኪናዎች እዚሁ ቀሩ። በንጎንግ የፈረስ መሮጫ ሜዳ በሚደረገው የአሮጌ መኪናዎች ውድድር ላይ ተወልውለው ሲያበሩ ያየ ሰው፣ በየግቢው ጥግ ዶሮ የሚያድርባቸው እኅቶቻቸው እንዳሉ አይገምትም።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዷን፣ ኤም ጂ ቢን፣ እንውሰድ። ይህች መኪና ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግዶን ከተማ ስትሠራ ቆይታለች። ቁጥሯም ከ500,000 በላይ ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን 1,798 ሲሲ ነው። ኮምፒውተር የላትም። ኮፈኑ ሲከፈት ካንዴላው፣ ፑንቲናው፣ ቦቢናው፣ ሁለቱ ካርቡራቶሮች ሁሉም በዓይን ይታያሉ፣ በእጅም ይደረስባቸዋል። ፋብሪካው ያወጣው መመሪያ መጽሐፍ ባለቤቱ ራሱ ቫልቮቹን እንዴት እንደሚያስተካክል ያስረዳል። በብዛት ስለተሠራችም መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ ይገኛል። በ1988 በቀድሞው የፋብሪካ መሣሪያ አዲስ ቦዲ እንኳ መሠራት ተጀምሯል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ሸራውን ስንገልጥ ሁላችንም የምንመኘው ባትሪ አስረን የሞተሩን ድምፅ መስማት ነው። ይህን ለጊዜው ተዉት። በመጀመሪያ ፍሬኑን እንመልከት።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት በሜዳ ላይ ችግሩን ላያሳይ ይችላል። ከሊሙሩ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደውን ቁልቁለት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ደጋግመን ፍሬን ስንይዝ ዘይቱ ይግላል፤ በውስጡ ያለው ውኃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በብዙዎቹ የቆዩ ኤም ጂ ቢዎች የአራቱም ጎማዎች ፍሬን የሚሠራው በአንድ መስመር ነው። ዛሬ እንደምንነዳቸው መኪናዎች አንዱ መስመር ቢበላሽ ሌላው አይተርፍም። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች የሚቀረን የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ቆማ የኖረች መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦዎቿ ሁሉ ይቀየሩ፣ የዋናው ፖምፓና የጎማዎቹ ፖምፓዎች ጎሚኒዎች ይታደሱ፣ ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋልና።

ከዚያ በኋላ አየሩን ማስወጣት ነው። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ ለቤተሰብ የተፈጠረ ይመስለኛል። ልጅ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አባት ወይም እናት ከጎማው ሥር ማስተንፈሻውን ይከፍታሉ። «ርገጥ!» «ረግጫለሁ!» «ያዝ!» እየተባባሉ ከዋናው ፖምፓ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምራሉ። ዘይቱ ያለ አረፋ እስኪወጣ ድረስ ይደጋገማል።

እዚህ ላይ ሦስት ጥብቅ ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይደረግ፤ ድንጋይና ብሎኬት መደገፊያ አይደሉም። ሁለተኛ፣ የድሮ የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራዎች አስቤስቶስ አለባቸው። አቧራው ሳንባን ስለሚጎዳ በኮምፕሬሰር ወይም በአፍ አይነፋ፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ይገባል። ሦስተኛ፣ የቤንዚን መስመር ሲነካ ባትሪው ይፈታ፣ ልጆችም ራቅ ይበሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ዝገት ነው። ትራያምፍ ስፒትፋየር ለብቻው የቆመ ቴላዮ አላት። ኤም ጂ ቢ ግን የላትም፤ የሚሸከማት ራሱ ቦዲው ነው። በተለይ ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ላሜራ የመኪናዋ ወገብ ነው። በውስጡ የገባው ውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ እዚያው ይቀመጥና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ በስቱኮና በቀለም ተሸፍኖ ሊያምር ይችላል። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ድምፁ ይነግራችኋል። የተበላ ከሆነ ባለሙያ ይበይደው። ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ግን ቦዲው በሚገባ መደገፉንና በሮቹ በትክክል መዘጋታቸውን አረጋግጡ። ሳይደገፍ ላሜራው ከተቆረጠ ወገቧ ይጎብጥና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። ከረጅሙ ዝናብ በፊት፣ ማለትም ከመጋቢት በፊት፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። እስከ 1967 ገደማ በተሠሩት ኤም ጂ ቢዎች ላይ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ዛሬ የምናውቀው ተቃራኒው ስለሆነ፣ ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ከመግጠማችሁ በፊት፣ ከሌላ መኪናም ባትሪ ከመበደራችሁ በፊት የትኛው ወደ ቦዲ እንደታሰረ ተመልከቱ። የመብራት ችግር ሲያጋጥም ብዙዎች መጀመሪያ ዕቃ ይገዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የዛገ ወይም የላላ የቦዲ ማሰሪያ ሽቦ ነው። ፈትቶ በሸካራ ወረቀት ማጽዳት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

አሁን ሞተሩን ማስነሣት ይቻላል። የቆየ ቤንዚን ይደፋ፣ ታንኩ ይታጠብ፣ ዘይቱ ይቀየር። የፑንቲናው ክፍተት 0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.38 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.64 ሚሊ ሜትር ይሁን። እንደ መኪናዋ ዓመተ ምሕረት ልዩነት ሊኖር ስለሚችል መመሪያ መጽሐፏን ተመልከቱ።

ኤስ ዩ የተባሉት ሁለቱ ካርቡራቶሮች ብዙ ሰው ያስፈራሉ፤ አሠራራቸው ግን ቀላል ነው። በላያቸው ላይ ባለው ቱቦ ውስጥ ቀጭን ዘይት ይጨመራል። ይህ ዘይት ሲያልቅ ነዳጅ ስንረግጥ መኪናዋ ትንተፋተፋለች። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው። ሞምባሳ ላይ የተስተካከለች መኪና እዚህ ስትመጣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላዋም ጥላሸት ይይዛል። መመርመሪያው እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የካርቡራቶሩን ፒስቶን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብድግ ማድረግ። የሞተሩ ዙር ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ከዳዳው አንሷል፤ ለቅጽበት ብቻ ትንሽ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ሁለቱ ካርቡራቶሮች እኩል አየር መሳባቸውን ደግሞ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሮ ላይ አድርጎ ፉጨታቸውን በማነጻጸር ማወቅ ይቻላል። ለዚህ ሥራ የልጅ ጆሮ ከእኛ ጆሮ ይሻላል።

ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እርሳስ ያለው ቤንዚን በ2006 መባቻ ላይ ከገበያ ወጥቷል። ይህ ለልጆቻችን ጤና ትልቅ በረከት ነው። የእነዚህ መኪናዎች ቫልቭ መቀመጫ ግን በእርሳሱ ይጠበቅ ስለነበር ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ የቫልቮቹን ክፍተት ቶሎ ቶሎ ለኩ፤ ቴስታታው በሚወርድበት ጊዜም ጠንካራ መቀመጫ ይግባለት።

ስለ መሣሪያ አንድ ቃል ልበል። ዳዶዎቿ በኢንች የተለኩ ናቸው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ13 ቁልፍ የሚገባ ይመስላል፤ ነገር ግን እየተንሸራተተ የዳዶውን ጠርዝ ያከብበዋል። አንድ ሙሉ የኢንች ቁልፍ ስብስብ ግዙ። በኪሪንያጋ መንገድ፣ የቆዩት ሰዎች አሁንም ግሮጋን በሚሉት፣ ፈልጋችሁ አታጡም። በዚያው የሚሠሩትን የጁዋ ካሊ ፉንዲዎችም አትናቁ፤ በፋብሪካ የማይገኝ ቡሽ ቀርጸው የሚሰጡ ባለ እጅ ሰዎች ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ልጆቻችን ልመለስ። አሁን ስናገር ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ ስል የሣቃችሁ ወጣቶች አይቻለሁ። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በአባቶቻችን ጋራዥ ውስጥ አማርኛ የሆኑ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ጣሊያኖች ያንን የማይ ማሂዩን ቁልቁለት መንገድ ሠርተዋል። በአገራችን የቀሩት ደግሞ ጋራዥ ከፍተው ሠርተዋል፤ የእኛም ሰዎች ከእነርሱ አጠገብ ቆመው ሙያውን ከነስሙ ወሰዱ። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይማራሉ። የአማርኛውን ትምህርት በቅዳሜ ክፍል ብቻ ብንተወው ቃሉ መጽሐፍ ላይ ይቀራል። አንድ ልጅ «ያንን ዳዶ አጥብቀው፣ እንዳይላላ» ሲባል ሰምቶ በእጁ ካጠበቀው ግን ቃሉን አይረሳውም። እንዲህ ያለችው መኪና በዓመት ጥቂት ቅዳሜዎችን ትጠይቃለች። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ግራሶ፣ በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት፣ ከዝናብ በፊት ዝገት ፍተሻ። ቅዳሜዎቹን ከልጆቻችን ጋር ብናሳልፋቸው መኪናዋ ባትሸለም እንኳ አልከሰርንም።

ሴቶች ልጆችንም ጥሩ። ፑንቲና ለማስተካከል የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥትና የረጋ እጅ ነው።

ማኅበሩ ፈቃዱ ከሆነ በወር አንድ ቅዳሜ መሣሪያዬን ይዤ በግቢው ለመገኘት ዝግጁ ነኝ። የምትመጡ ሁሉ መኪናችሁን ባታመጡ እንኳ ልጆቻችሁን አምጡ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ፍሬን ነው።

 እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ፤ ለሚቀጥለውም ኢዮቤልዩ በጤና ያድርሰን።