ስለ ጥንታዊው የፎቶግራፍ ሌንስ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በተማሪዎች የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ልንነግራችሁ የመረጥነው ስለ አንዲት ትንሽ መስተዋት ነው፤ ይህችውም ሌንስ የምትባለው የፎቶግራፍ መሣሪያ ዓይን ናት። ከፊቷ ካለው ነገር የሚመጣውን ብርሃን ሰብስባ በሳጥኑ ውስጥ ሥዕሉን ገልብጣ ታሳርፈዋለች።

ወደ አገራችን መሣሪያውን ቀድመው ካመጡት የፎቶግራፍ ወዳጆች አንዱ አርቱር ራምቦ ነው። ይህ ሰው በፈረንሳይ አገር በባለቅኔነቱ የሚታወቅ ሲሆን፥ ግጥሙን ትቶ በሐረር የንግድ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ነበር። መሣሪያውን ከሊዮን ከተማ አስመጥቶ እ.ኤ.አ. በ1883 የገዛ መልኩን አነሣና ለቤተ ሰቦቹ ላከ። ነገር ግን ሥዕሎቹ ነጡ። ምክንያቱም ያጠበበት ውሃ መጥፎ መሆኑን ራሱ በደብዳቤው ገልጿል። እንግዲህ ሌንሱ ሥራውን ፈጽሞ ነበር፤ የጐደለው ከዚያ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1888፥ ጆርጅ ኢስትማን የተባለው አሜሪካዊ ኮዳክን በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ለ100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም ነበረበት። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ሳጥኑን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ እዚያም አጥበውና አትመው፥ አዲስ ፊልም ጨምረው ይመልሱለታል። ሌንሱ ዳር ዳሩን አጥርቶ ስለማያሳይ ሥዕሉ ክብ ሆኖ ይወጣ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሣት ከባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ለማንኛውም ሰው የተዳረሰው በዚህ ዓይነት ነው። ያ መሣሪያ ከነሌንሱ ዛሬ ብርቅ ሆኖ በሙዚየም ይጠበቃል።

ይህ ታሪክ ለኦቾሎ ልጆች ምን ያስተምረናል? አገራችን ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ በድንጋያማው ከፍታ ላይ ተቀምጣ፥ ሕዝቧ በዱቡሻ ተሰብስቦ ሲመክር የኖረ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለው የፈረንሳይ ተመራማሪ ስለዚሁ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይህን ያህል ከደከመ፥ እኛ የቤቱ ልጆች ምን ልንሠራ ይገባናል?

ዛሬ በስልክ ውስጥ ያለችው ሌንስ ከራምቦም ከኮዳክም ትበልጣለች። ሆኖም ስም ያልተጻፈበት ሥዕል መልኩ ሳይጠፋ ታሪኩ ይነጣል። የዘመናችን መጥፎ ውሃ መርሳት ነው።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ! በሣጥናችሁ ያስቀመጣችሁት የቆየ ፎቶግራፍ ቢኖር፥ የማን መልክ እንደሆነ፥ የት እንደተነሣ ንገሩን፤ እኛ ከጀርባው በእርሳስ እንጽፍበታለን። ሽማግሌዎቻችንንም አስፈቅደን እናነሣለን፤ ስማቸውን፥ መንደራቸውንና ቀኑን መዝግበን አንዱን ቅጂ አሳትመን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት እናኖራለን። ሥዕሉ ቢቈይም የሚያውቀው ሰው ካለፈ ወዲያ ማን ይነግረናል?