ስለ ጧሪው ዕረፍት
(በንፋስ መውጫ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ቀን የተነገረ ቃል)



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ የዕረፍት ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ምድሪቱ ሳትታረስ ታርፍ ነበር፤ በባርነት የተያዘውም ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። እኛም ይህን ስም ለበዓላችን ከሰጠነው፥ በአጥቢያችን ውስጥ ያላረፈው ማን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል። እኔ ስለ አንድ ወገን ብቻ እናገራለሁ፤ እርሱም የደከመ ወላጅ በቤቱ የሚጦር ሰው ነው።

ሽማግሌዎቻችን ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ቃሉ ሁለት ሥራ አጣምሮ የያዘ ነው። ከሁለቱ አንዱን፥ ይኸውም መቅበርን፥ በማኅበር መሥራት ለምደናል። ሰው የሞተ እንደ ሆነ ጥሩምባ ይነፋል፤ የእድሩ ዳኛ ይነሣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ እንጀራው ከየቤቱ ይመጣል፤ የቀረም ሰው ይቀጣል። መጦርን ግን ለአንድ ቤት፥ በቤቱም ውስጥ ለአንድ ሰው ትተነዋል። ስለዚህ ሽማግሌው በሞተ ቀን አገር ሁሉ ያጅበዋል፤ ሦስት ዓመት በመደብ ላይ ተኝቶ ሳለ ግን ደግፋ ያነሣችው አንዲት ሴት ናት።

ያች ሴት ብዙ ጊዜ የቤቱ ልጅ ወይም ምራት ናት። ሥራዋን የማያውቅ ሰው ቤት ተቀምጣ ትውላለች ይላታል። እርስዋ ግን፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ብርድ አገር፥ በሌሊት ተነሥታ እሳት ታነድዳለች። ከመኝታው የማይነሣ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተኛ ገላው ይቈስላልና፥ በየሁለት ሰዓቱ ልታገላብጠው ይገባታል። ውኃ ቀድታ ታሞቃለች፤ ገላውን ታጥባለች፤ ያደፈውን ልብስ ታጥባለች፤ እህሉን አላልታ ታጐርሰዋለች። አእምሮው የደከመ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ያጐረሰችውን እጅ ሳያውቃት ቀርቶ «አንቺ ማን ነሽ? ገንዘቤን ሰረቅሽኝ» ይላታል። እርስዋም ይህን ሁሉ ታግሣ ቅዳሴ ካስቀደሰች ወራት ያልፋታል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች ብለን የምናማት ግን እኛው ነን።

ወንድሞችዋ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፥ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ፥ እኅቶችዋም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። የሚልኩት ገንዘብ ለመድኃኒትና ለቀለብ ይሆናልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ገንዘብ የተኛን ሰው ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ጎን አያገላብጥም።

በመንግሥትም በኩል የተሠራ ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። የቤተ ሰብ ሕግም ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲቀልብ ግዴታ ይጥልበታል። ደመወዝተኛ 60 ዓመት ሲሞላው የጡረታ አበል ያገኛል፤ የገበሬ ጡረታው ግን መሬቱ ነው፤ ጕልበቱ ባለቀ ጊዜ ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከምርቱ ይካፈላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም በላይ ጋይንት፥ በታች ጋይንትና በስማዳ መሥራት ለማይችሉና ረዳት ለሌላቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሥራ ሳይጠይቅ ቀጥታ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ይህ ሁሉ እህልና ገንዘብ ነው፤ ለደከመ ሰው ግን እጅም ያስፈልገዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ገብቶ ሆስፒታሉ በተዘረፈ ጊዜ፥ የታመመ ሽማግሌ ያለበት ቤት ሸክሙ እንዴት እንደ በረታበት ሁላችሁ ታስታውሳላችሁ።

ቤት ፈጽሞ ለሌለው አረጋዊ፥ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የክብር ዶክተር ቢንያም በለጠ በአዲስ አበባ የመቄዶንያን ማዕከል አቋቁመዋል። በዚያም በሺህ የሚቈጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከጎዳና ተነሥተው ይኖራሉ፤ ከሚያጥቧቸውና ከሚያጐርሷቸውም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ናቸው። የማያውቁትን ሰው ገላ ማጠብ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሠራው ያውቀዋል። ነገር ግን በማኅበር የሚሠራ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ የደከመው እንደ ሆነ ሌላው ይተካዋል። በመንደራችን ለምትጦረው ምራት ግን ተተኪ የላትም።

በሌላ አገር ይህ ነገር ታስቦበታል። በጀርመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1995 ጀምሮ የሚሠራ የእንክብካቤ መድን አለ። ይህ ሕግ በቤት ለሚጦር ሰው አበል ይቈርጣል፤ ደግሞም ጧሪው በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት እንዲያርፍ የተተኪውን ዋጋ ይከፍላል። እኛ ያን ያህል ሀብት የለንም፤ ተተኪ የሚሆን ጎረቤት ግን አለን።

ይህም አሳብ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 6 እንደ ተነገረው፥ በኢየሩሳሌም የነበሩ ባልቴቶች የዕለት ርዳታ በጐደለባቸው ጊዜ፥ ሐዋርያት ነገሩን ለየዘመዱ አልተዉትም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት የታወቁ ሰዎች ለዚህ አገልግሎት ሾሙ እንጂ።

ስለዚህ እድራችንና ሰንበቴያችን ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እለምናለሁ። አንደኛ፥ በአጥቢያው ከመኝታ የማይነሡትን አረጋውያንና የሚጦሯቸውን ሰዎች ስም ይመዝግቡ። ሁለተኛ፥ ከእድሩ ገንዘብ ጥቂቱ ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም ለሳሙና፥ ለአንሶላና ለማገዶ ይዋል። ሦስተኛ፥ በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤት በተራ ይግባና ጧሪዋ ታስቀድስ፥ ትተኛ፥ ዘመድዋንም ትጠይቅ።

መጦር የልጅ ዕዳ ነው፥ ምርቃቱም የልጅ ነው፤ ስለ ምን እንቀማታለን? የሚል ይኖራል። ደግሞም ሽማግሌው ገመናውን ባዕድ እንዲያይበት አይወድም የሚል አለ፤ ይህ እውነት ነው፥ ሊከበርም ይገባዋል። ነገር ግን ውኃ ለመቅዳት፥ እንጨት ለመፍለጥ፥ ልብስ ለማጠብ፥ ከሽማግሌውም አጠገብ ተቀምጦ ለማጫወት የማንንም ገመና ማየት አያሻም። ምርቃቱም ቢካፈሉት አያልቅም።

አባቶቼ፥ ዛሬ እኛ ቆመን የምንሄድ ሁላችን፥ ዕድሜ ከሰጠን፥ ነገ የሰው እጅ የምንጠብቅ ነን። በዚያን ቀን የሚያነሣን እጅ የዛለና የተማረረ እንዳይሆን፥ አስቀድመን ዛሬ እናሳርፈው። እግዚአብሔር ጧሪዎቻችንን ያበርታልን፤ አረጋውያኖቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።