ተያዥ የሌለው ሰውና የገንዘብ ገበያ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የምጣኔ ሀብት መጻሕፍት ስለ ገንዘብ ገበያ ሲያስተምሩን፣ ገበያ ዋጋን እንጂ ሰውን አይለይም ይሉናል። ሻጩ የነጋዴ ልጅ ይሁን የገበሬ፣ ገዢው ወንድ ይሁን ሴት፣ ብሩ ያው ብር ነው ይባላል። ከገቡ በኋላ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ በሩ ነው። በሩ ላይ የሚጠየቀው «ምን ታውቃለህ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ያውቅሃል? ምንስ ታስይዛለህ?» የሚል ጭምር ነውና።

በቅድሚያ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ወይዘሪት ሙርየል ሲበርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ከክሊቭላንድ ወደ ኒውዮርክ ስትመጣ የኮሌጅ ትምህርቷን አልጨረሰችም ነበር። የሥራ ማመልከቻዋ በሙሉ ስሟ ሲላክ መልስ አጣች፤ ሴትነቷ እንዳይታወቅ የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ግን ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ኋላም ሙያውን ጠንቅቃ ዐውቃ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ አባል ለመሆን ባመለከተች ጊዜ፣ ስለ እርሷ የሚመሰክር ሰው አምጪ ተባለች፤ መጀመሪያ ከለመነቻቸው 10 ወንዶች 9ኙ እምቢ አሏት። ደግሞም ከወንበሩ ዋጋ ከ445,000 ዶላር ውስጥ 300,000ውን አበድራታለሁ የሚል የባንክ ደብዳቤ ተጠየቀች። ባንኮቹ በበኩላቸው፣ መጀመሪያ ገበያው ይቀበልሽ አሏት። በዚህ ዐይነት ሁለቱም በሮች አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ተዘግተው ቆዩ። በመጨረሻ በዲሴምበር 1967 ስትገባ፣ አባላቱ 1,365 ወንዶችና አንዲት ሴት ሆኑ። በዚያው ገበያ አዳራሽ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ አባል ጆሴፍ ሲርልስ የገባው በ1970 ነው፤ የለንደን ገበያ ሴቶችን የተቀበለው በ1973 ነው።

ልብ በሉ፤ ወይዘሪት ሲበርት የጎደላት ዕውቀት አልነበረም። የጎደላት ተያዥ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዋስነት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በዕቁብ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ጎረቤቱ ወይም የገበያ ጓደኛው ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ ለባልንጀራዋ ዋስ ትሆናለች፤ ጠባይዋን ታውቃለችና። የባንክ ዋስ ግን በሌላ ሚዛን ይመዘናል። በብዙ የባንክ የሥራ ማስታወቂያዎች መጨረሻ ላይ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚል ቃል አለ። ተያዡም ቋሚ ደመወዝ ያለው እንዲሆን ይፈለጋል። እንግዲህ አባቱ በግብርና የሚኖር፣ ከዘመዶቹ አንድም ደመወዝተኛ የሌለው ተመራቂ ምን ያድርግ? ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው አጎቱን ጠርቶ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ፈተናውን ሁለቱም አልፈዋል፤ የለያያቸው ግን የአጎት ደመወዝ ነው።

በብድርም በኩል ነገሩ ያው ነው። ባንክ የሚወደው መያዣ ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ነገር ግን ሕግ በአንድ ቀን ሲለወጥ፣ የቤት ካርታ ላይ የተጻፈ ስም በአንድ ቀን አይለወጥም። በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ በሴቶች አነሣሽነት የተቋቋመው እናት ባንክ፣ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ መነሣቱም ችግሩ በወሬ ብቻ ያለ አለመሆኑን ያሳያል።

ባንክ የሰው ገንዘብ ጠባቂ ነው፤ ዋስ ቢጠይቅ ምን ያስደንቃል? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተያዥ የጎደለውን ይከፍላል እንጂ ሠራተኛውን ታማኝ አያደርገውም። የሚፈለገው ካሣ ከሆነ፣ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የኢንሹራንስ ዋስትና አለ። ዐረቦኑን ባንኩ ቢከፍል ወይም ከደመወዝ ጥቂት በጥቂት ቢቀነስ፣ የገበሬው ልጅና የባለሥልጣኑ ልጅ በአንድ በር ይገባሉ።

ጓደኞቼ፤ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። አገናኞቹ፣ አማካሪዎቹና ተንታኞቹ ከእኛ መካከል የሚወጡ ናቸው። አዲስ ቤት ሲሠራ በሩን ማስፋት ቀላል ነው፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ግን መፍረስ ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን በዚህ ዓመት በማስታወቂያ ሰሌዳችን የሚለጠፉትን የባንክና የገንዘብ ድርጅት ማስታወቂያዎች ይሰብስብ፤ ስንቱ ተያዥ እንደሚጠይቅ ይቍጠር፤ ከተመራቂዎቻችንም ስንት ወንድና ስንት ሴት በዚህ ምክንያት እንደ ቀሩ ይመዝግብ። ከዚያም ቍጥሩን ይዞ የኢንሹራንስ ዋስትና በሰው ተያዥ ፈንታ እንዲተካ ለየባንኮቹ ይጻፍ። በባዶ እጅ ከመጮህ ቍጥር ይዞ መጠየቅ ይሻላል።