ስለ ዋናውና ስለ አምሳያው መኪና
(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ይህ መድረክ ሲሰጠኝ ስለ ልማት ወይም ስለ ትምህርት እንድናገር የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ ግን የምናገረው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። ነገሩ የጨዋታ ይመስላል፤ ቢሆንም በቤታችን ክርክር አስነሥቶ አጎቴንና እኔን ለሁለት ወር ያህል አኳርፎናል። ስለዚህ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ላይ አንዲት ቮልስዋገን ገዙ። ጡረታ ሲወጡም ይዘዋት ገሰራ ገቡ። መኪናዋ እስከ ዛሬ በግቢያችን ውስጥ፣ ከስንዴው ገለባ ክምር አጠገብ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማለች። እኔ በልጅነቴ ከውስጧ እንቁላል ስለቅም እንጂ ሌላ ነገር አስቤባት አላውቅም።

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ ደላላ አስከትሎ መጣ። መኪናዋን ከኋላዋ ዞሮ አያት፤ ተንበረከከ፤ መስኮቷን በእጁ ጠረገና ዝም አለ። ዝምታው ዋጋ ማስወደዱን የተረዳው ደላላው ሳል ሳል አለ።

ይህ ሰው ያየው ምን ነበር? ቮልስዋገን ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው ሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ዕድሜውን የሚናገረው የኋላው መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1953 የተሠራው መስኮቱ በብረት ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ እስከ 1957 አንድ ሆኖ የእንቁላል ቅርጽ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሰፊና አራት ማዕዘን ነው። የእኛይቱ መስኮት እንቁላል ነው። እኔም እንግዳው ከሄደ በኋላ የኋላውን ወንበር አንሥቼ በወለሉ ብረት ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርጌ አነበብሁና ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት። አንድ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርሁበት ግቢ ውስጥ ምን እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

አሁን ክርክሩ የመጣበትን ልንገራችሁ። ሰውየው የፈለገው ቮልስዋገኗን አልነበረም፤ ወለሏንና ሞተሯን ነው። ሐሳቡ ፖርሼ ስፒድስተር የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውን ዝቅ ያለ ክፍት የስፖርት መኪና አምሳያ መሥራት ነው። ነገሩ ዘመድ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተሠራው የመጀመሪያው ፖርሼ ራሱ የቆመው በቮልስዋገን ሞተርና ዕቃ ነበርና። በቮልስዋገን የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ሲሆን በፖርሼው 2 ሜትር ከ10 ነው። ስለዚህ የቮልስዋገኑ አካል ተነሥቶ ይጣላል፤ ወለሉ 30 ሴንቲሜትር ተቆርጦ ይበየዳል፤ ከላዩ የፋይበር ግላስ አካል ይደፋበታል።

ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተቆጣሁ። ነገር ግን ለሰውየው መፍረድ ከሆነ በቅን እንፍረድ። ፌራሪ 250 ጂ.ቲ.ኦ. የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 የተሠራው 36 ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማን በጭቃ ይነዳዋል? ባለቤቱ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። አምሳያው ግን ዝናብ ይመታዋል፣ አቧራ ይለብሳል፣ ልጅ ይጫንበታል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚወድ ኢትዮጵያዊ ቢኖር፣ ባለው ነገር ከመሥራት በቀር ምን መንገድ ቀረለት?

ደግሞስ ከመካከላችን በልጅነቱ የሽቦ መኪና ያልሠራ ማን ነው? ጎማውን ከአሮጌ ጫማ ቆርጠን፣ መሪውን በረጅም ሽቦ አስረዝመን፣ የጭነት መኪናውን ድምፅ በአፋችን እያሰማን ስንሮጥ ውሸታሞች ያለን አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ አንዲት ዝቅ ያለች ክፍት መኪና አየሁና እስክትቆም ድረስ ተከትዬ ሮጥሁ። እንዲህ ያለውን የሚያውቁ ሰዎች ትንሽ ማግኔት ይይዛሉ፤ ብረት ከሆነ ይለጠፋል፤ ፋይበር ግላስ ከሆነ ይወድቃል። እርግጥ አንዳንድ ዋና መኪናዎችም አካላቸው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም፤ የሻንሲውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል። እኔ ግን ማግኔትም አላስፈለገኝም። ባለቤቱ ሳልጠይቀው «ቮልስዋገን ናት ወንድሜ፤ አካሏን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለኝና ሳቀ። ደስታዬ ምንም አልቀነሰ። እንዲያውም ጨመረ፤ የሠራው ሰው ፊቴ ቆሞ ነበርና። የጥንት ጸሐፊዎቻችን መጽሐፍ ሲገለብጡ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስማቸውንና ያስጻፋቸውን ሰው ስም ያኖሩ ነበር። ግልባጭ ስለሆነ የናቀው የለም። አምሳያ ነውር የሚሆነው ዋናው ነኝ ሲል ነው።

ይህን ሁሉ አምኜ ሳለ በአያቴ መኪና ላይ ለምን እንቢ አልሁ? በሌላ አገር ያለውን ዋና ለመምሰል በእጃችን ያለውን ዋና መቁረጥ ስለሆነብኝ ነው። ቮልስዋገኗ የፖርሼ ወለል አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ነገር ናት። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ በዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። የእርሷ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር አሸንፈዋል። አጎቴም በወጣትነቱ ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴ ላይ አውጥቷታል። ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራቶሩ ቤንዚን አብዝቶ ጥቁር ጢስ እንዳስተፋት፣ ሆኖም እንዳልቆመች ሲናገር ዛሬም ዓይኑ ይበራል።

ይህንኑ ብነግረው አጎቴ ምን አለኝ? «አንተ ሮቤ ተቀምጠህ ታዝንላታለህ፤ ጣሪያው የሚያፈሰው እኔ ላይ ነው። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በእንቁላል መስኮት ልክፈል?» አለ። መልስ አልነበረኝም። ያኮራረፈንም ይኸው ነው፤ እውነቱ የእርሱ ነበርና።

በመጨረሻ ወደ ሮቤ ጋራዦች ወረድሁ። ከስንት ጥያቄ በኋላ አካሏን ዝገት የጨረሳት፣ መስኮቷ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ወለሏ ግን ጤነኛ የሆነች ቮልስዋገን አገኘሁ። አጎቴ ከባለቤቷ ጋር አገናኘና ያ ወጣት እርሷን ገዛ። ለአጎቴ የደረሰው የድለላ ገንዘብ ለመኪናዋ ከቀረበለት ዋጋ ሲሶ እንኳ አይሆንም። የአንድ ወሰነ ትምህርት ክፍያ ግን ሸፍኗል። ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ምን እንደምናደርግ ገና አናውቅም። ጣሪያውን በእረፍት ጊዜ እኔና የአጎቴ ልጆች እንለውጣለን ብለናል።

ጓደኞቼ፤ ንግግሬን በአንድ ሐሳብ ልደምድም። ማኅበራችን አንድ ደብተር ይክፈት። እያንዳንዳችን ወደ ገሰራ፣ ወደ ጎባ፣ ወደየመጣንበት ስንሄድ በየግቢው የቆሙትን አሮጌ መኪናዎች እንይ። የመስኮቱን ቅርጽ፣ የሻንሲውን ቁጥር፣ ማን ከማን እንደገዛው፣ የት የት እንደተነዳ ጽፈን እናምጣ። ባለቤቱ ቢሸጥ መብቱ ነው። ነገር ግን የሚሸጠው ምን እንደሆነ ዐውቆ ይሽጥ፤ የሚቆርጠውም ምን እንደሚቆርጥ ዐውቆ ይቁረጥ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ እርሳስና ጥቂት ጉልበት ይበቃል።