ካለፈው በፊት ያለፈው፤ ስለ ፈረንሳይኛ የሩቅ ኃላፊ ጊዜ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ጥቂት ደረቅ ይመስላል። ይኸውም ፈረንሳውያን በሰዋስዋቸው «ፕሉስ ክ ፓርፌ» የሚሉት የግሥ ጊዜ ነው። ስሙ ከላቲን ሰዋስው የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ከፍጹም በላይ» ማለት ነው። ድርጊቱ መፈጸሙን ብቻ ሳይሆን ሌላ ያለፈ ድርጊት ከመድረሱ አስቀድሞ መፈጸሙን ስለሚያስታውቅ ይህ ስም ተሰጠው። እኛም በአማርኛ «የሩቅ ኃላፊ» ብንለው ያስማማናል።

ነገሩ ደረቅ ቢመስልም ገንዘብና ክብር የሚያሳጣበት ጊዜ አለ። ይህንም የማውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሳገለግል፣ ከውጭ አገር ያዘዝነው ዕቃ እንዳይላክ የሚከለክል ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከላኪው ዘንድ በፈረንሳይኛ መልስ መጣ። በክፍላችን ቋንቋውን በመጠኑ የቀመስሁ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ ትርጉሙ ለእኔ ተሰጠኝ። ደብዳቤው «ካን ቮትር ሌትር ኤ ታሪቬ፣ ኑ ዛቪዮን ኤክስፔዲዬ ላ ማርሻንዲዝ» ይላል። እኔም በችኮላ «ደብዳቤያችሁ በደረሰን ጊዜ ዕቃውን ላክን» ብዬ ተረጎምሁት። አለቃዬ ይህን ባነበቡ ጊዜ «አትላኩ ብንላቸው ጭራሽ ላኩብን!» ብለው ተቆጡ። የወቀሳ ደብዳቤም ተጽፎ ሄደ፤ ያንንም በፈረንሳይኛ ያዘጋጀሁት እኔው ነበርሁ።

ጥቂት ቆይቶ፣ በምድር ባቡር ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አዛውንት ዶሴውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ እኮ ‹ልከን ነበር› ነው እንጂ ‹ላክን› አይደለም» አሉኝ። ዕቃው የተላከው ደብዳቤያችን ከመድረሱ በፊት ኖሯል። ላኪው ጥፋት አልነበረበትም። «ላክን» ለማለት «ኑ ዛቮን»፣ «ልከን ነበር» ለማለት «ኑ ዛቪዮን» ይባላል፤ በጽሕፈት የሚለያቸው አንዲት የ«ኢ» ፊደል ብቻ ናት። በዚህች በአንዲት ፊደል ምክንያት ንጹሑን ሰው ወቅሰን፣ ኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደድን።

እንግዲህ ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። አድማጮች ድምፁን ይሰሙታል፤ ይህን በጋዜጣ የሚያነቡት ግን የእኛ ፊደል የፈረንሳይኛውን ድምፅ ሁሉ አጥርቶ ስለማይዝ፣ የተጻፈውን ለማቀራረብ ያህል ይቀበሉት።

የሩቅ ኃላፊ በሁለት ቃላት ይቆማል። አንደኛው ረዳት ግሥ ነው፤ እርሱም «አቭዋር» ወይም «ኤትር» ሲሆን «ኤምፓርፌ» በሚባለው ጊዜ ይነገራል። ሁለተኛው «ፓርቲሲፕ ፓሴ» የሚባለው፣ የድርጊቱን መፈጸም የሚያመለክተው የዋናው ግሥ ቅርጽ ነው። «መናገር» የሚለውን ግሥ ብንወስድ፤ ዣቬ ፓርሌ፣ ተናግሬ ነበር፤ ቱ አቬ ፓርሌ፣ ተናግረህ ነበር፤ ኢል አቬ ፓርሌ፣ ተናግሮ ነበር፤ ኑ ዛቪዮን ፓርሌ፣ ተናግረን ነበር፤ ቩ ዛቪዬ ፓርሌ፣ ተናግራችሁ ነበር፤ ኢል ዛቬ ፓርሌ፣ ተናግረው ነበር ይላል። በጽሕፈት ብዙ ቅርጽ ያለው ይህ ረዳት ግሥ ለጆሮ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ አቬ፣ አቪዮን፣ አቪዬ። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ስሙኝ። አማርኛችንም የሩቅ ኃላፊን በሁለት ቃላት ይሠራል፤ ነገር ግን አሠራሩ የፈረንሳይኛው ግልባጭ ነው። በእኛ ዘንድ ተናግሬ፣ ተናግረህ፣ ተናግሮ እያለ የሚለዋወጠው ቦዙ ሲሆን፣ «ነበር» ግን ለሁሉም አንድ ሆኖ ይጸናል። በፈረንሳይኛ ደግሞ ረዳቱ በየሰዉ ሲለዋወጥ «ፓርሌ» ከቦታው አይነቃነቅም። ተማሪ ይህን ካስተዋለ፣ ከአማርኛው ልማዱ ተነሥቶ ሳይሳሳት ወደዚያኛው ሊሻገር ይችላል።

አብዛኞቹ ግሦች በ«አቭዋር» ይረዳሉ። መሄድና መምጣት፣ መድረስና መነሣት፣ መግባትና መውጣት፣ መውጣትና መውረድ፣ መወለድና መሞት፣ መቅረትና መውደቅ፣ እንዲሁም ሌሎች ጥቂቶች፣ በጠቅላላው ዐሥራ አምስት ያህል ግሦች ግን «ኤትር»ን ይሻሉ። ድርጊቱ በራሱ በአድራጊው ላይ የሚመለስባቸውም ግሦች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ «ሄዶ ነበር» ለማለት «ኢል ኤቴ ፓርቲ»፣ «ከመኝታው ተነሥቶ ነበር» ለማለት «ኢል ሴቴ ልቬ» ይባላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተሳቢ ሲይዙ ረዳታቸውን ይለውጣሉ። ጸሐፊው ራሱ ከወጣ «ኢል ኤቴ ሶርቲ» ነው፤ ከመደርደሪያ ዶሴ ካወጣ ግን «ኢል አቬ ሶርቲ ለ ዶሲዬ» ነው። ዶሴ የምንለው ቃላችን፣ እንደ ቢሮና እንደ ለገሃር፣ ከዚሁ ከፈረንሳይኛ የመጣ መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ።

በ«ኤትር» የተረዳ ግሥ ቅርጹ ባለቤቱን በፆታና በቁጥር ይከተላል። በ«አቭዋር» የተረዳው ግን ባለቤቱን አይከተልም፤ ተሳቢው ከፊቱ ቀድሞ ሲመጣ ብቻ ተሳቢውን ይከተላል። «ደብዳቤውን ጽፌ ነበር» ሲል «ዣቬ ኤክሪ ላ ሌትር» ይላል። «ጽፌው የነበረው ደብዳቤ» ሲል ግን፣ ደብዳቤ በፈረንሳይኛ እንስት ስለ ሆነች፣ «ላ ሌትር ክ ዣቬ ኤክሪት» ብሎ መጨረሻ ላይ «ት»ን ያሰማል። ለዚህ ደንብ መስፋፋት በ16ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ባለቅኔ ክሌማን ማሮ፣ ከኢጣልያንኛ አብነት ወስዶ፣ ምክንያት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፈረንሳይ ተማሪዎች በዚህ ሲቸገሩ ይኖራሉና፣ እኛ ብንቸገር አያሳፍርም። ለአፍራሽ ቃል ደግሞ «ን» እና «ፓ» ረዳቱን ከግራና ከቀኝ ያቅፉታል፤ «አልገባኝም ነበር» ለማለት «ዠ ናቬ ፓ ኮምፕሪ» ይባላል።

አሠራሩ ይህ ነው፤ አገባቡ ግን ከአሠራሩ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ የምንወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። በአማርኛ «ትናንት ሐረር ሄጄ ነበር» ብንል፣ ሄጄ ተመለስሁ ማለታችን ነው፤ ሰሚውም ሌላ አይጠብቅም። ይኸንኑ ቃል በቃል ወደ ፈረንሳይኛ መልሰን «ዤቴ ዛሌ አ ሐረር» ብንል ግን ሰሚው ጆሮውን አቅንቶ ይጠብቃል፤ «ከምን በፊት?» ይላልና። የሩቅ ኃላፊ በፈረንሳይኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደገፍበት ሌላ ያለፈ ድርጊት ይሻል። ያ ከሌለ «ፓሴ ኮምፖዜ» በሚባለው ጊዜ «ዠ ስዊ ዛሌ» ማለት ይበቃል። እንግዲህ «ነበር» ባየን ቁጥር ወደ ሩቅ ኃላፊ አንሩጥ።

ሁለተኛው አገባብ «ኖሮ» በምንልበት ስፍራ ነው። «ባውቅ ኖሮ አልመጣም ነበር» ለማለት «ሲ ዣቬ ሱ፣ ዠ ን ስሬ ፓ ቭኑ» ይባላል። «ሲ» ካለችበት ወገን የሚቆመው የሩቅ ኃላፊ ነው፤ «ኮንዲሲዮኔል» የሚባለው አነጋገር ወደ ሁለተኛው ወገን ይሄዳል። ይህን ማደባለቅ በራሳቸው በፈረንሳውያን ልጆች ዘንድ የታወቀ ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ኢቭ ሮቤር ባዘጋጀው «የአዝራሮች ጦርነት» በተባለው ፊልም ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ልጅ ይህንኑ ዐረፍተ ነገር በሁለት በኩል እያበላሸ ይናገራል። ከ«ሲ» በኋላ «ኮንዲሲዮኔል» ያስገባል፤ «መምጣት» የሚለውንም ግሥ በ«ኤትር» ፈንታ በ«አቭዋር» ይረዳዋል። ተመልካቹ የሚስቀው ሕፃኑ ሁለቱን ደንቦች ባንድ ትንፋሽ ስላፈረሳቸው ነው።

ሦስተኛው አገባብ ከእኛው ባሕል ጋራ የሚስማማ ነው። እኛ ሹም ፊት ቀርበን «እንዲህ አድርጉልኝ» ከማለት ይልቅ «አንድ ነገር ልለምንዎ መጥቼ ነበር» እንላለን። የመጣነው አሁን ሆኖ ሳለ በትሕትና ወደ ኋላ እናርቀዋለን። ፈረንሳዊውም «ዤቴ ቭኑ ቩ ድማንዴ» ብሎ ልክ እንዲሁ ይላል። «ነግሬህ ነበር!» ብለን ያልሰማንን ወዳጅ ስንወቅስም፣ እርሱ «ዠ ት ላቬ ዲ!» ይላል። ሁለቱ ሕዝቦች በሩቅ አገር ቢኖሩም፣ ትሕትናና ጸጸት ሲሰማቸው ወደ አንድ የግሥ ጊዜ መሄዳቸው ያስደንቃል።

ከአድማጮቻችን ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ናችሁ። ፈረንሳይኛ በጎረቤታችን በጅቡቲ ከዐረብኛ ጋራ የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ተቀማጭ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በዚህ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ከጠረጴዛችሁ ላይ መድረሱ አይቀርም። በደረሰ ጊዜ ከመተርጎማችሁ አስቀድሞ፣ ባለፈው ግሥ ሁሉ ላይ «ከምን በፊት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጽሑፉ መልስ ከሰጣችሁ የሩቅ ኃላፊ ነው፤ በአማርኛም «ነበር» ወይም «አስቀድሞ» በሚል ቃል ግለጹት። ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ የሚለው ነገር በመዝገብ ላይ የጥፋተኛና የንጹሕ መለያ ነውና።

እኔ ያን ጊዜ ይህን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የወቀሳ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር።

ጤና ይስጥልን።